ኤርታሌ ያልነው ኤርታሌ አልነበረም

ሰላም ሰላም፣ ከጅማ ነኝ፣ ከጀርባ የምትሰሙት ዝናብ ነው፣ ቆርቆሮው ላይ እየወረደ ስለሆነ ላጠፋው አልቻልኩም፣ ቻሉኝ።

በ2018 ህዳር ላይ ጎረቤት ቡና ተጠርተን ቁጭ ብለናል፣ ዜናው አፋር ውስጥ እሳተ ገሞራ ፈነዳ ሲል ቡናውን የሚቀዱት አዴ ጀበናውን እንደያዙ "ኤርታሌ ነዋ!" አሉ፣ እኛም አዎ ኤርታሌ ነው አልን፣ ማንም አልተጠራጠረም። ግን አልነበረም። ህዳር 14 የፈነዳው ሃይሊ ጉቢ ነው፣ እዛው ሰንሰለት ላይ ከኤርታሌ ወደ ደቡብ ምስራቅ ያለው ጎረቤቱ፣ አመዱ ቀይ ባህርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን አድርጎ ህንድ ድረስ የሄደው። የጎረቤቱን ስራ ሁሉ ለኤርታሌ የምንሰጠው ስሙ ስለገነነ ነው፣ ስለዚህ ዛሬ ስሙን እንየው።

በአፋርኛ "አሌ" ተራራ ነው፣ "ኤርታ አሌ" ደግሞ የሚጨስ ተራራ። አካባቢው ካርታ ላይ ብታዩ አሌ ባጉ፣ ቦራሌ እያለ ይቀጥላል፣ ሁሉም ተራራ ናቸው። እና "የኤርታሌ ተራራ" ስንል ተራራን ሁለቴ እየጠራን ነው፣ እኔም ይሄን ስክሪፕት ስጽፍ ሁለት ቦታ ላይ ገብታብኝ አጥፍቻታለሁ። ሌላው ደሞ "አሌ" ላይ ያለችው አ ከጉሮሮ ነው የምትወጣው፣ ትግርኛ ወይ አረብኛ የምትችሉ ታውቋታላችሁ፣ ዓይኑ ዐ ማለት ነው፣ እኛ በአማርኛ ፊደሏን ይዘን ድምጿን ጥለናታል።

ፈረንጅ ደግሞ የሲኦል በር ይለዋል። ለቲሸርት ጥሩ ነው፣ ስለ ተራራው ግን ምንም አይነግርም። አፋሮቹ እሳቱን ትተው በጭሱ ነው የጠሩት፣ ለኔ ይሄ ነው ትክክሉ፣ ምክንያቱን ቆይ እመጣበታለሁ።

ቁመቱ 613 ሜትር ብቻ ነው። ጅማ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ኤርታሌ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው ከኛ ከአንድ ኪሎሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ነው ያለው፣ የተራራው እግር እንዲያውም ከባህር ወለል በታች ይገባል። ሹል ተራራ እንዳይመስላችሁ፣ መሬት ላይ የተደፋ ጋሻ ነው የሚመስለው፣ ላቫው፣ ቀልጦ የሚወጣው አለት ማለት ነው፣ ቀጭን ስለሆነ ሳይቆለል ሩቅ ይፈሳል።

ጫፉ ላይ ነው ያ የላቫ ሀይቅ። በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ በፈረንጅ ነው የምለው፣ ሀሩን ታዚየፍ የሚባል የእሳተ ገሞራ ሰው ከፈረንሳይና ከጣልያን ተመራማሪዎች ጋር መጥቶ ያጠናው ጊዜ ሀይቁ ነበር፣ ከዛ ወዲህም ለአስርት አመታት ቆይቷል፣ እንዲህ የሚቆይ የላቫ ሀይቅ በአለም ላይ በጣት የሚቆጠር ነው። ወተት አፍልታችሁ ስታወርዱ ላዩ ላይ ስልባቦት ይይዝ የለ? ልክ እንደሱ ነው፣ ላዩ ቀዝቅዞ ጥቁር ቆዳ ይሰራል፣ ከስር ያለው 1,100 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ቆዳውን ይሰነጥቀዋል፣ በስንጥቁ ቀይ መስመር ይታያል፣ ከዛ ቆዳው ተገልብጦ ይሰምጥና አዲስ ይይዛል፣ እንዲህ እያለ ሲገለባበጥ ይውላል።

አንዳንዴ ደሞ እንደ ጀበና ይገነፍላል። በፈረንጅ 2005 ፈንድቶ ብዙ ከብት ፈጅቷል፣ ሰውም ሸሽቷል። በፈረንጅ 2017 ጥር ላይ ደግሞ መጀመሪያ ገነፈለ፣ ቀጥሎ ጎኑ ተሰንጥቆ ላቫው በዛ ሲወጣ ሀይቁ ቁልቁል ወረደ። የስሙ ነገር እዚህ ጋ ነው፣ ሀይቁ ይሞላል፣ ይጎድላል፣ ቆዳ ለብሶ ይጠፋል፣ ቱሪስቱም እሳት አጣሁ ብሎ አዝኖ ይመለሳል፣ ጭሱ ግን አለ።

ይሄ ሁሉ የሚሆነው አፋር ስር ሶስት የመሬት ቅርፊቶች፣ የአረቢያ፣ የኑቢያና የሶማሊያ፣ ስለሚለያዩ ነው፣ መሬቱ ሲሳሳ ከስር ያለው መንገድ ያገኛል።

ሳምንት ቆይቼ ይሄን ሁሉ ለአዴ ነገርኳቸው፣ ዝም ብለው ሰሙኝና "የኛስ አገር?" አሉ። የኛም ከዛው ነው አልኳቸው፣ ጂኦሎጂስቶች ጅማ ቮልካኒክስ ብለው በከተማችን ስም የጠሩት አለት አለ፣ ከ30 ሚሊዮን አመት በላይ የሆነው ላቫ ነው፣ ጫማችን ላይ የሚጣበቀው ቀይ አፈር እሱ በስብሶ ነው፣ ቡናውም በሱ ላይ ነው የበቀለው።

"አሁን አይጨስም አይደል?"

አይጨስም አልኳቸው። በረካውን ቀዱልኝ።