ሲቲ ስካኑ ንጹሕ ነው፤ ታዲያ ለምን ይረሳል?

[ምስል፦ የሲቲ ስካን ፊልም]

ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ሲቲ ስካን ተነሥቶ «ምንም የለህም» ይባላል። ከሳምንት በኋላ ግን አንድ ገጽ ሦስት ጊዜ እያነበበ አይገባውም፤ ወሬ መሃል ሐሳቡ ይጠፋበታል።

ራስን መሳቱ ከ30 ደቂቃ፣ መርሳቱ ከ24 ሰዓት ካልበለጠና በግላስጎው መለኪያ (ዓይን መክፈትን፣ መናገርንና መንቀሳቀስን አይቶ የንቃት ደረጃን ከ3 እስከ 15 በሚሰጥ ነጥብ) ከ13 እስከ 15 ካገኘ ሐኪሞች ጉዳቱን ቀላል ይሉታል። ራስን ሳይስቱም ይደርሳል።

[ምስል፦ የነርቭ ሕዋስ]

አንጎል በድንገት ሲናጥ ረጃጅሞቹ የነርቭ ክሮች ይለጠጣሉ። ፖታሲየም ከሕዋሱ ይወጣል፣ ካልሲየም ይገባል። ሕዋሱ ሁሉን ወደ ቦታው ለመመለስ ብዙ ግሉኮስ ያቃጥላል፤ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ደግሞ በዚያው ጊዜ ይቀንሳል። ጉልበት ያጥራል ማለት ነው። ሲቲ ስካን ደም መፍሰስንና ስብራትን እንጂ ይህን አያይም።

ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስታወከ፣ እንደሚጥል በሽታ ካንቀጠቀጠው፣ ንግግሩ ከተሳሰረ ወይም አንድ ጎኑ ከደከመ ግን ቪዲዮውን ትተው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።

[ምስል፦ የሚራመድ ሰው]

ጨለማ ክፍል ውስጥ ለቀናት መተኛት አሁን አይመከርም። እ.ኤ.አ. በ2022 አምስተርዳም ላይ የተሰበሰቡት የስፖርት ሕክምና ባለሙያዎች ያሉት፦ ለ24 እስከ 48 ሰዓት ሥራና ስክሪን ይቀንሱ፣ ቀላል የእግር ጉዞ ግን አይተዉ። ሕመምዎን ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይስጡት። እንቅስቃሴው ከ2 ነጥብ በላይ ካባሰው ያቁሙ፤ ጥቂት ጨምሮ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከተመለሰ ችግር የለውም።

ብዙው ሰው በሳምንታት ውስጥ ይድናል። ለማይለቀው ነው የአእምሮ ማገገሚያ ሥልጠና፣ ማለትም ትኩረትንና ትውስታን የሚያግዝ ልምምድ፣ የሚያስፈልገው። «አንጎል አሠልጣኝ» የሚባሉ የስልክ ጨዋታዎች? በዋናነት የሚያሻሽሉት ጨዋታውን የመጫወት ችሎታን ነው። ተመራማሪዎች አሜሪካ ሳን አንቶኒዮ በሚገኝ የጦር ሆስፒታል 126 ወታደሮች ላይ ባደረጉት ጥናት በዕለት ኑሮ ላይ የተሻለ ለውጥ ያመጣው ቴራፒስት የመራው ሥልጠና እንጂ ብቻን የሚሠራ የኮምፒውተር ልምምድ አልነበረም።

[ምስል፦ ማስታወሻ ደብተርና ሰዓት]

ደብተር አንድ ብቻ ይያዙ። ሦስት ቦታ የጻፈ ሰው የት እንደጻፈ ይረሳል። ማታ ለነገ ሦስት ሥራ ይጻፉ፤ ከባዱን ጭንቅላትዎ ትኩስ በሆነበት ሰዓት ያድርጉት። የስልክ ደወል ሲሞሉ «መድኃኒት፣ ከቁርስ በኋላ» ብለው ይጻፉበት፤ ባዶ ደወል ይጮሃል፣ ይጠፋል፣ ምክንያቱ አይታወስም። ሲያነቡ በየአንቀጹ ቆመው የተረዱትን በራስዎ አባባል ይናገሩት።

ብዙዎች የሚሰናከሉት እረፍት ላይ ነው። ጭንቅላታቸው እስኪፈነዳ ሠርተው በማግስቱ አልጋ ላይ ይውላሉ። ስለዚህ እረፍቱን ሰዓት ይወስነው፦ ለምሳሌ 20 ደቂቃ ሥራ፣ 5 ደቂቃ ዓይንን ጨፍኖ መቀመጥ፣ ደህና ቢሰማዎትም። ሳምንቱን ሙሉ ሳያባብስዎት ካለፈ ሥራውን 25 ደቂቃ ያድርጉት።

እንቅልፍ ያጣ ወይም የተጨነቀ ሰው ግን በደብተር ብቻ አይሻለውም፤ ትኩረትን የሚበላው እሱ ስለሆነ መጀመሪያ የሚታከመው እንቅልፉ፣ ራስ ምታቱና ጭንቀቱ ነው።