ቀላል ዕቃ ይወረወራል

እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ እንግዳ የለም። ከኋላዬ የሚሰማችሁ ድምፅ ቀርከሃ ሲሰነጠቅ ነው። ልጆቹ ሥራ ላይ ናቸው። ያለሁት እንጅባራ፣ ወርክሾፓችን ጓሮ ነው።

ሐሙስ ለአዲስ አበባ ባዛር የቀርከሃ ወንበርና ጠረጴዛችንን እንጭናለን። ስለዚህ ሰሞኑን ሐሳቤ ሁሉ ጭነት ነው። ለኤግዚቢሽን ቦታ የተከራየ ሰው ስለ ባነሩና ስለ ቢዝነስ ካርዱ ሳምንታት ይጨነቃል። ዕቃው እንዴት እንደሚደርስ የሚያስበው መጨረሻ ላይ ነው። እኔም እንደዛ ነበርኩ።

በ2010 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ነው። ለገና ባዛር ቦታ ያዝን። 12 ወንበር፣ 4 ጠረጴዛና 2 መደርደሪያ አዘጋጀን። ባዛሩ ቅዳሜ ይከፈታል፣ እኛ ሐሙስ ጫንን። መንገዱ ከ400 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ በአንድ ቀን ይገባል አልን። ያገኘነው አይሱዙ ድንች የጫነ ነበር። ወንበሮቹ ከድንቹ በላይ ወጡ። መኪናው ቡሬ ቆሞ በርበሬ ጨመረ። ፍኖተ ሰላም አደረ። ደብረ ማርቆስ ላይ ጎማው ተነፈሰ። ቅዳሜ ጠዋት አዲስ አበባ ሲገባ ደግሞ መጀመሪያ የሄደው አትክልት ተራ ነው፣ ድንቹን ሊያራግፍ። በሹፌሩ አልፈርድም። የድንቹ ባለቤት ነው አብዛኛውን ሒሳብ የከፈለው።

እኛ ጋ ሲደርስ በሩ ለመኪና ተዘግቷል። ጎብኚ እየገባ ነው። ወንበሮቹን በሰው መሀል በትከሻችን አስገባናቸው። ከ12ቱ 5ቱ እግራቸው ተሰንጥቋል። አጠገባችን ያሉት ሰዎች ቦታቸውን አስውበው ቡና አፍልተዋል። እኔ መሬት ላይ ተንበርክኬ የወንበር እግር በሽቦ እጠመጥማለሁ። ያን ቀን ያለቀስኩት ለማንም አልተናገርኩትም ነበር፤ ለእናንተ ይኸው ነገርኳችሁ።

ድንች ቅዳሜ ካልደረሰ እሑድ ይሸጣል። ዋጋው ይወርድ ይሆናል እንጂ ይሸጣል። የኤግዚቢሽን ዕቃ ግን ለአንድ በር፣ ለአንድ ሰዓት ነው የሚጓዘው። ያ ሰዓት ካለፈ ቦታው ተከፍሎበት ባዶውን ይቆማል። ስለዚህ ለባዛር የሚሄድ ዕቃ እንደ ገበያ ዕቃ አይጫንም። ይህን ለመረዳት አንድ ሙሉ ባዛር ከሰርኩ።

አሁን ቢያንስ 4 ቀን አስቀድመን ነው የምንልከው። አዲስ አበባ ዘመድ ቤት፣ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ይቆያል። ውጭ አገር ትልልቆቹ ኤግዚቢሽኖች ለዚሁ ሥራ መጋዘን አላቸው፤ ዕቃው ቀድሞ ገብቶ ይጠብቃል፣ በዝግጅት ቀን በቀጥታ ወደ ቦታህ ይመጣልሃል። የእኛ መጋዘን የአክስቴ ግቢ ነው። ደግሞ ጭነት መኪና በከተማው ውስጥ እንደ ልቡ የሚሄድበት ሰዓት የተወሰነ ነው፤ እሱም ይታሰባል። የጎጃም መንገድ ባለፉት ዓመታት ምን እንደሆነ ደግሞ ታውቃላችሁ። ዛሬ ክፍት ነው ስትል ነገ ይዘጋል። ዕቃዬ እንኳ ቢቀር፣ ሹፌሩን በሰላም ያድርሰው ብዬ ነው የምሸኘው።

ቀርከሃ ሌላም ጣጣ አለው። ቀላል ነው። ከባድ ዕቃ ሰው ይጠነቀቅለታል፤ ሁለት ሆኖ፣ ተጠራርቶ፣ ቀስ ብሎ ያወርደዋል። ቀላል ዕቃ ግን ይወረወራል። «በጥንቃቄ ይያዝ» ብለን በቀይ ቀለም ጽፈን ነበር። ጫኝና አውራጆቹ አንብበውታል፤ ግን አንድ ወንበር በአንድ እጅ ሲነሳ እጅ በራሱ ይወረውረዋል። መፍትሔው ማክበድ ሆነ። 4 ወንበር አንድ ላይ እናስራለን። ሁለት ሰው ካልያዘው አይነሳም፤ ሁለት ሰው የያዘውን ደግሞ ማንም አይወረውርም።

የማሸግ ትምህርቴን ያገኘሁት ከሰፈራችን ሸክላ ሠሪ ነው። እታለም ነው የምንላት። ዕድሜዋን ሙሉ ጀበናና እንስራ በአህያ ጭና ቅዳሜ ገበያ ስታወጣ የኖረች ናት። ከዚያ የመጀመሪያ ባዛር ስመለስ የተሰበረውን አየችና «ዕቃህን እርስ በርሱ አስተዋውቀኸዋል» አለችኝ። ሸክላ ከሸክላ ከተነካካ ይሰበራል፤ በመሀሉ ገለባ መግባት አለበት፣ ገለባውም ጥቅጥቅ ብሎ መሞላት አለበት። ክፍተት ካለ ዕቃው ይንቀሳቀሳል። በሚቀጥለው ዓመት 20 ጀበና ላከችብኝ። በጤፍ ገለባ አሽጋ፣ በማዳበሪያ ጠቅልላ። አንድም አልተሰበረም። ጆሮው የተላቀቀ ጀበና እንኳ አልነበረም።

ማዳበሪያውም ምክንያት አለው። እኛ በላስቲክ ጥብቅ አድርገን ጠቅልለን ነበር። ከእንጅባራ ብርድ ተነስቶ፣ ደጀንን አልፎ አባይ በረሃ ሲወርድ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። ላስቲኩ ውስጥ ያለው ቀርከሃ አላበው። ከድልድዩ ማዶ እስከ ጎሐ ጽዮን ሲወጣ መልሶ በረደው። ቀርከሃ እንዲህ ሲፈራረቅበት ይሰነጠቃል። ማዳበሪያ አየር ያስገባል።

ሌላው የለወጥነው ራሱን ወንበሩን ነው። አሁን እግሩ በብሎን ይፈታል። እዚህ ላይ ቁጥር ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ወንበር ለናሙና ወደ ውጭ አገር በአውሮፕላን እንላክ ብለን ጠየቅን። ወንበሩ 6 ኪሎ ነው። ለአየር ጭነት ግን ቀላልና ግዙፍ ዕቃ የሚከፈልበት በሚይዘው ቦታ ነው። ወርዱን በቁመቱ በጎኑ በሳንቲ ሜትር አባዝተህ ለ6,000 ታካፍላለህ። የእኛ ወንበር 60 በ60 በ90 ነው። ሲካፈል 54 ኪሎ ይመጣል! ለ6 ኪሎ ዕቃ የ54 ኪሎ ሒሳብ። ፈታተን ስናሽገው ውፍረቱ 12 ሳንቲ ሜትር ሆነ፤ ሒሳቡ ወደ 11 ኪሎ ወረደ። አይሱዙ ላይም ያው ነው። ድሮ 12 ወንበር ብዙ ቦታ ይይዝብን ነበር፤ አሁን ጥግ ላይ ይበቃናል።

ወደ ውጭ የምትልኩ ካላችሁ፣ የእንጨት ሳጥኑን አትርሱ። ጥሬ እንጨት ከሆነ መሀሉ 56 ዲግሪ ደርሶ ለ30 ደቂቃ በሙቀት መታከም አለበት፣ ማኅተምም ይመታበታል። ማኅተም የሌለው ሳጥን ወደብ ላይ ሊያዝ ይችላል። የነቀዝ ነገር ነው። ቀርከሃ የሚሠራ ሰው ነቀዝ ምን እንደሚያደርግ አይነገረውም።

አሁን ወደ መመለሻው ልምጣ፤ እኔን በጣም የሚያመኝ እሱ ነው። የባዛር መጨረሻ ማታ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሁሉም በአንድ ሰዓት ያፈርሳል። ሁሉም በአንድ ሰዓት መኪና ይፈልጋል። መኪና ይወደዳል። ገዢውም ይህን ያውቃል፤ ሦስት ቀን ዋጋ ሲጠይቅ የከረመው ሰው ያን ማታ ይመጣል። በመጀመሪያው ዓመት የቀሩትን 6 ወንበሮች በግማሽ ዋጋ የሸጥኩት መመለሻ ስላልነበረኝ ብቻ ነው። አንዱን ወንበር ለመሥራት ስንት ቀን እንደሚፈጅ እኔ አውቃለሁ። አጎቴ ነበር የሠራው፤ ስንት እንደተሸጠ ሲጠይቀኝ ዋጋውን መናገር አቃተኝ።

ከዚያ ወዲህ መሄጃውን ስዋዋል መመለሻውን አብሬ እዋዋላለሁ። ድንች አድርሰው ባዶ የሚመለሱ መኪኖች አሉ፤ ሹፌሩም ደስ ይለዋል። እያንዳንዱ ጥቅል ላይ በሁለት ጎን ቁጥር አለው፤ «ከ14ቱ 3ኛ» ተብሎ። የቦታችን ቁጥርና የሚረከበው ሰው ስልክ አለበት። መፍቻው፣ መዶሻውና ሲባጎው ያለበት ሳጥን መጨረሻ ይጫናል፣ ያኔ መጀመሪያ ይወርዳል። ማዳበሪያውንም ገለባውንም አንጥልም፤ ለመመለሻ ያስፈልጋል።

እታለም ዘንድሮ 30 ጀበና አዘጋጅታለች። ትናንት ሄጄ አየሁት። ገለባው በጓሮዋ ተከምሯል። «ጀበናው ቢሸጥም ገለባዬን መልስልኝ፤ የዘንድሮ ገለባ ጥሩ ነው» ብላኛለች። አንድ ማዳበሪያ ለብቻው ምልክት አድርጌለታለሁ።

ሐሙስ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው የምንጭነው። ልጆቹ እየጠሩኝ ነው፤ የመጨረሻዎቹ ወንበሮች ሊፈቱ ነው። ደህና ሰንብቱ።