ኮፒ ሽያጫችንን የሚጎዳው መቼ ነው? በዓመታዊ ጉባኤያችን የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከሐረር ድረስ የመጣችሁ የሙያ ባልደረቦቻችን፣ እንኳን ወደ ድሬዳዋ በሰላም መጣችሁ።

በዛሬው ጉባኤ ቀዳሚ ሆኖ የቀረበልን ጉዳይ፣ አባሎቻችን የሚሠሯቸው ጌሞች የኮፒ መቆለፊያ፣ ማለትም ያልከፈለ ሰው ገልብጦ እንዳይጫወት የሚከለክል ፕሮግራም፣ ይደረግባቸው ወይስ አይደረግባቸው የሚለው ነው። እዚሁ ድሬዳዋ ታይዋን በሚባለው ገበያ ውስጥ በፍላሽ ሲገለበጥ የምናየውን ሁሉ ከኪሳችን እንደወጣ ገንዘብ መቁጠር ይቀናናል፤ እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዚያው አስብ ነበር። ነገር ግን አንድ ኮፒ የጠፋ ሽያጭ የሚሆነው፣ የወሰደው ሰው ባያገኘው ኖሮ ከፍሎ ይገዛ የነበረ እንደሆነ ብቻ ነው። የውጭ ጌም የሚፈልግ የከተማችን የከዚራ ወይም የመጋላ ሰፈር ልጅ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ከሌለው፣ ብሩን ቢያጠራቅም እንኳ መግዣ መንገድ የለውም።

የአውሮፓ ኮሚሽን ያስጠናውና እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነው ጥናት፣ ከአዳዲስ ዝነኛ ፊልሞች በቀር ሕገወጥ ቅጂ ሽያጭን እንደሚቀንስ ጠንካራ የስታቲስቲክስ ማስረጃ አላገኘም። ይህ ግን ጉዳት የለም ማለት እንዳልሆነ ጥናቱ ራሱ ያስጠነቅቃል፤ እኛም ልንዘነጋው አይገባም። ዴኑቮ የተባለው መቆለፊያ በተደረገባቸው 86 ጌሞች ላይ የተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ መቆለፊያው በመጀመሪያው ሳምንት ሲሰበር (ጌሙ ሳይከፈልበት መገልበጥ ሲቻል) ከጠቅላላ ገቢው በአማካይ 20 በመቶ ያህል እንደሚታጣ፣ ከ12 ሳምንት በኋላ ሲሰበር ግን ጉዳቱ እንደማይታይ አሳይቷል። ስለዚህ ዋናው ነገር ጊዜው ነው።

ከዓመታት በፊት በገዛ ገንዘቤ የገዛሁት ኦሪጅናል ጌም ኔትወርክ በተቋረጠ ቁጥር አልከፈት ይለኝ ነበር፤ ኮፒውን የወሰደው ጎረቤቴ ግን ሳይቸገር ይጫወት ነበር። ከፋዩን የሚቀጣ መቆለፊያ እኛ እንድንሠራ ፈጽሞ አልፈልግም።

የኮምፒውተር ፕሮግራም በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ የተሰጠው ሥራ ነውና መብታችን በሕግ የታወቀ ነው። የሥራ አመራር ኮሚቴው የሚያቀርበው የውሳኔ ሐሳብ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ መቆለፊያ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ብቻ እንዲደረግ፣ ከዚያም እንዲነሳ፣ ሽያጩም በብርና በቴሌብር እንዲሆን ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ጌም ቤት ያላችሁ አባላት፣ ደንበኞቻችሁ ስንት ብር ሊከፍሉ እንደሚችሉ እንድትነግሩን መድረኩን ለእናንተ እሰጣለሁ።