ሥዕላችንን የምንደብቀው ከማን ነው?

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ውድ የሠዓሊያን ማኅበራችን አባላት፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ። አዳራሹን ለፈቀዱልንና ትናንት ሸራ ሲሰቅሉ ላመሹ ልጆቻችን ምስጋናዬ ይድረሳቸው።

ዘንድሮ የቡድን ኤግዚቢሽን አሳይተናል፣ ሥዕልን በስልክ ስለማንሳት ሥልጠና ሰጥተናል፣ የቴሌግራም ቻናልም ከፍተናል። ዝርዝሩ ሪፖርቱ ላይ አለ። እኔ ዓመቱን ሙሉ ስላነታረከን ጉዳይ ልናገር።

የአንድ አባላችን ሥዕል ከኢንስታግራም ተወስዶ፣ ታትሞ፣ ፍሬም ገብቶለት ሱቅ ውስጥ ሲሸጥ ተገኘ። ሄጄ አየሁት። ፊርማው ተቆርጧል። ቀዩ ወደ ብርቱካን ሄዷል። በእጄ ስዳስሰው ልሙጥ ነው፣ የብሩሽ ዱካ የለውም። አንጀቴ አረረ። ከዚያ ወዲህ ብዙዎቻችሁ “በቃ፣ ፖስት አናደርግም” አላችሁ። ንዴታችሁ ንዴቴ ነው። ውሳኔው ግን አይዋጥልኝም።

በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ወጥ ሥራ፣ ማለትም ከሌላ ያልተቀዳ ሥራ፣ ሸራ ላይ ካረፈ ሳይመዘገብም ጥበቃ አለው። ሲካካዱ ግን ማስረጃ ያስፈልጋል። ቀኑ የሚታይ ፖስት፣ ሥዕሉ ገና በንድፍ እያለ የተቀረጸ ቪዲዮ ጥሩ ማስረጃ ነው። ደብቀን ስናስቀምጥ ይሄንንም እናጣለን፤ ዋሽንግተንና ዱባይ ሆኖ በስልኩ የሚያየንን ገዢም እናጣለን።

አንዷ ወጣት አባላችን ሸራ ከመወጠር ጀምራ ሥራዋን እየቀረጸች ቲክቶክ ላይ ትለቃለች። ዘንድሮ አንዱ ሥዕሏ ቀለሙ ሳይደርቅ ገዢ አገኘ። ኮርቼባታለሁ።

ቻናላችን ግን ያሳዝናል። ፎቶ፣ መጠን፣ የቀለም ዓይነት፣ ዋጋ ላኩ ብለን ስንት ጊዜ ለመንን? የላካችሁት ጥቂቶች ናችሁ። ከተላከውም ብዙው ማታ በፍላሽ የተነሳ፣ ቫርኒሹ ያብረቀረቀበት ነው። ሰው “ዋጋው ስንት ነው?” ብሎ ይጽፋል። ሠዓሊው ሳምንት ሙሉ ዝም። እስከዚያ ገዢው ሌላ ዘንድ ሄዷል።

አንዳንዶቻችሁ በ2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ከየካቲት እስከ ሐምሌ መገደባቸውን ታነሳላችሁ። እውነት ነው። ስለዚህ የገዢዎቻችንን ስልክና ኢሜይል ማኅበሩ ይዝገብ እንጂ፣ አንጥፋ።

ዛሬ ለቀሩት ጋሼዎቼና እትዬዎቼ አድርሱልኝ። ብሩሽ አያያዝ ያሳያችሁን እናንተ ናችሁ። ስማችሁ ኢንተርኔት ላይ ሲፈለግ አንድ ሥዕል እንኳ አይገኝም፤ ይሄ ያንገበግበኛል። ስልኩ ከከበዳችሁ ልጆቻችን ቤታችሁ መጥተው ያነሱላችኋል። እባካችሁ በር ክፈቱላቸው። ስትጠሩም ኑ።

ከምሳ በኋላ ሁለት ነገር ለድምፅ አቀርባለሁ፦ መጠንና ዋጋ ያልተጻፈለት ሥዕል ቻናሉ ላይ እንዳይወጣ፣ ሥራው ለተሰረቀበት አባላችንም የጠበቃ ገንዘብ እንድናዋጣ። ጉባኤው ተከፍቷል።