ቀለሙን የሚነካው ፓዱ ነው

እንደምን ዋላችሁ? ቅዳሜ ከሰዓት ላቫጆ ቤት ደንበኛ የሚጎርፍበት ሰዓት ነው። ያንን ገበያ ትታችሁ ስለ ፓድ፣ የመኪና ቀለም ስንወለውል ማሽኑ ጫፍ ላይ ስለምንለጥፈው ክብ ነገር፣ ለመስማት መምጣታችሁ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። አመሰግናለሁ።

በራሴ ጥፋት ልጀምር። ከዓመታት በፊት አንድ ትልቅ ሰው ጥቁር ኮሮላ አመጡልኝ። መኪናዋ ዕድሜዋን ሙሉ በደረቅ ጨርቅ ስትወለወል የኖረች ናት። ፀሐይ ላይ ስትቆም ኮፈኗ ላይ ሸረሪት ያደራባት ትመስላለች። እኔ ደግሞ ማይክሮፋይበር ፓድ ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘሁበት ሰሞን ነበር። አንድ ፓድ ብቻ ነው ያለኝ። በዚያችው አንድ ፓድ መኪናዋን ከፊት እስከ ኋላ ጨረስኳት። ማታ በመብራት ሳያት መስታወት ሆናለች። ሰውየውም መርቀውኝ ሄዱ።

በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። «ልጄ፣ ታጥባ ፀሐይ ላይ ስትቆም ጉም ለብሳለች። ምን አድርገህብኝ ነው?»

ወጥቼ አየሁ። እውነታቸውን ነው። ድሩ ጠፍቷል፤ በምትኩ ኮፈኑ ላይ ስስ ጭጋግ ተኝቶበታል። መጀመሪያ ማሽኑን ወቀስኩ። ቀጥሎ ኮምፓውንዱን፣ ጭረት የምናነሳበትን ደቃቅ አሸዋ ያለበትን ቅባት። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ማሽን ቀለም አይነካም። ቀለሙ ላይ የሚያርፈው ፓዱ ነው። እኔ ደግሞ ብሬን በሙሉ ማሽን ላይ አውጥቼ ለፓድ የተረፈኝ ፍርፋሪ ነበር። እዚህ ካላችሁትም እንደዚያ ያደረጋችሁ እንዳላችሁ ፈገግታችሁ ይናገራል።

ምን ያህል ስስ ነገር ላይ እንደምንሠራ ልንገራችሁ። ከፋብሪካ የወጣ መኪና ቀለም፣ ከታች ካለው ፕራይመር እስከ ላይኛው ክሊር፣ ማለትም ቀለም አልባው የሚያብለጨልጭ ሽፋን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው። የፎቶ ኮፒ ወረቀት አንዱ ቅጠል ወደ 100 ማይክሮን ይሆናል። ክሊሩ ብቻውን ከ35 እስከ 50 ማይክሮን አካባቢ ነው። የወረቀቷ ግማሽ ማለት ነው። ጭረት አጠፋን ስንል ጭረቱን አልሞላነውም። ዙሪያው ያለውን ክሊር ጭረቱ ያለበት ድረስ አወረድነው እንጂ። የተነሳው አይመለስም። ክሊሩ በፀሐይ ተልጦ የነጣ ጣሪያ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ካጋጠማችሁ ደግሞ በግልጽ ንገሩት፤ የእሱ መድኃኒት ቀለም ቀቢ ጋ ነው።

አሁን ወደ ማይክሮፋይበሩ። ስፖንጅ ፓድ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፤ ኮምፓውንዱ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ማይክሮፋይበር ግን ከፀጉር እጅግ የቀጠኑ ብዙ ሺህ ክሮች አሉት። የኮምፓውንዱን ደቃቅ አሸዋ ክሮቹ ጫፍ ላይ ይይዙታል። ክሩ ራሱም ትንሽ ይቆርጣል። ለዚህ ነው እየዞረ በሚወዛወዘው ማሽን፣ ዲኤ በምንለው፣ ስፖንጅ አራት አምስት ጊዜ የሚመላለስበትን ጭረት ማይክሮፋይበር በሁለት ሦስት ምልልስ ሊያነሳው የሚችለው። ሳይወዛወዝ ዝም ብሎ በሚዞረው ማሽን፣ በሮታሪ ላይ ግን ባታስሩት ይሻላል። አንድ ቦታ ላይ እየዞረ ቶሎ ይግላል፤ ማጣበቂያው ይለቃል፣ ጠርዙም ቀለም ያቃጥላል። ሮታሪ ያላችሁ የሱፍ ፓድ አላችሁ፤ እሱን ተጠቀሙ።

ሱቅ ስትገቡ ፓዱን ከላስቲኩ አስወጥታችሁ ያዙት። ባለሱቁ ቢያጉረመርምም ግድ የለም። ከጎን ስታዩት ሦስት ንብርብር አለው፤ ማሽኑ ላይ የሚለጠፈው ቬልክሮ፣ መሃል ያለው ስፖንጅ፣ ከዚያ ክሩ። ክሩን በአውራ ጣታችሁ ወደ ታች ተጭናችሁ ልቀቁት። ተኝቶ የሚቀር ከሆነ ገና ሳይሠራ ደክሟል። ብድግ ካለ ጥሩ ነው። ረጅምና ጠንከር ያለ ክር ቆራጭ ነው፤ አጭርና ለስላሳ የሆነው ለማለስለሻ ይሆናል። ብዙ ሰው የሚዘለው መሃል ያለውን ስፖንጅ ነው። ስስና ደረቅ ከሆነ የእጃችሁን ጉልበት በቀጥታ ወደ ቀለሙ ያስተላልፋል፤ ኮፈንና ጣሪያ የመሰለ ሜዳ ላይ ግሩም ነው። ፓራፋንጎ ላይ ግን ጉብታውን ብቻ እየነካ ያልፋል፤ እዚያ ላይ ወፈር ያለ፣ እንደ ትራስ የሚታጠፍ ይሻላል። ፓዱ ከማሽኑ ሰሌዳ ትንሽ የሚተርፍ ይሁን፤ ሰሌዳው 5 ኢንች ከሆነ ፓዱ 5 ተኩል ወይም 6። እኩል ከሆኑ አንድ ቀን የሰሌዳው ጠርዝ በር ላይ ይሳልባችኋል።

ፓዱን በራሱ ቀለም እየመረጣችሁ አትግዙ። የጣሊያኑ ሩፔስ ሰማያዊውን ለቆራጭ፣ ቢጫውን ለማለስለሻ ያደርጋል። ሌክ ካንትሪ የሚባለው የአሜሪካ አምራች ደግሞ ቢጫ ስፖንጁ ቆራጭ ነው። «ቢጫ ስጠኝ» ያለ ሰው ምን ይዞ እንደሚገባ አስቡት።

እዚህ ከተማ ብዙ የሚመጣልን ያገለገለ የጃፓን መኪና ነው። የቶዮታ ጥቁር፣ በተለይ የቀለም ኮዱ 202 የሆነው፣ በጣም ለስላሳ ነው። ጨርቅ ሲነካው ይጫራል። በቆራጭ ማይክሮፋይበር ስትሄዱበት ጭረቱ ይነሳና ክሩ የራሱን ስስ ጉም ይተዋል። የእኔ ኮሮላ የሆነችው እሱን ነው። መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ከማይክሮፋይበሩ በኋላ በለስላሳ ስፖንጅና በደቃቅ ፖሊሽ አንድ ዙር። ጉሙን ማታ ያላየሁት ደግሞ የኮምፓውንዱ ዘይት ሸፍኖት ነው። ከዚያ ወዲህ አልኮል በውሃ አቅጥኜ ዘይቱን ሳልጠርግ ደንበኛ አልጠራም።

ግን እዚህ ከተማ በቀለም ኮድ ብቻ መተማመንም አያዋጣም። ስንቱ መኪና ባቱላሜራ ቤት ገብቶ ስቱኮ ጠጥቶ ወጥቷል! አንዱ በር የፋብሪካ፣ ሌላው ትናንት የተቀባ ሊሆን ይችላል። የቀለም ውፍረት መለኪያ ያለው ይለካ። የሌለው የበሩን ጎማ ገለጥ አድርጎ የቀለም ጠርዝ ይፈልግ። ከዚያ በየአካሉ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር ቦታ ላይ ከለስላሳው ፓድ ጀምራችሁ ሞክሩ። ለስላሳው ከሠራ ቆራጩን ለምን ታወጣላችሁ?

በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት በ2024 ከተከለከለ ወዲህ ሰው ላለችው አሮጌ መኪና ይበልጥ መሳሳት ጀምሯል። ለእኛ ሥራ ነው። ያቺን ቀሪ ክሊር ግን በየዓመቱ እየቆረጥን መጨረስ የለብንም።

ስንት ፓድ? ለአንድ መኪና ከ4 እስከ 6 ቆራጭ። ይህን ስል ፊታችሁ እንደሚጠቁር አውቃለሁ። ግን የደረቀ ኮምፓውንድና የተነሳ ቀለም የጠጣ ፓድ ፓድነቱ ቀርቷል፤ የብርጭቆ ወረቀት ሆኗል። የእኔ ሁለተኛው ጥፋት ይኸው ነበር። አንድ አካል በጨረሳችሁ ቁጥር ክሩን በአየር ንፉት። ኮምፕረሰር የሌለው ጎረቤት ካለ ጎሚስታ ጋር ይስማማ። እሱም ካልሆነ የጥርስ ብሩሽ ይሠራል። የእጃችሁ ጀርባ ሲነካው የሚያቃጥል ከሆነ ቀይሩት፤ ይረፍ። ማታ በለብ ያለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና እጠቡት። በረኪና በፍጹም። የልብስ ማለስለሻም አይሆንም፤ ክሩን ይሸፍነዋል። ጥላ ውስጥ፣ በጎኑ አቁማችሁ አድርቁት።

አሁን ግቢው ውስጥ አንድ ጥቁር ኮፈን አለ። በቴፕ መሃሉን ለሁለት ከፍዬዋለሁ። ግራውን ጠዋት በአንድ ፓድ፣ ሳልነፋ፣ ሳልቀይር ሠርቼዋለሁ። ቀኙን አንዳችሁ በንጹህ ፓድ ትሠሩታላችሁ። አልኮሉ ተዘጋጅቷል። ከዚያ ከጥላው አውጥተን ፀሐይ ላይ እናየዋለን። ማን ይጀምር?