«ሦስት፣ ሁለት፣ አምስት» ሲሉ ምን እያሉ ነው?

እሺ፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬም ብቻዬን ነኝ፣ ወሬው ስለ ጥርስ ነው።

ጥርስ ሐኪም ዘንድ ተንጋላችሁ፣ አፋችሁን ከፍታችሁ፣ ሐኪሟ ለረዳቷ «ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት» እያለች ስትጠራ ሰምታችኋል? ጥርስ እየቆጠረች አይደለም። ሚሊሜትር ነው። በድድና በጥርስ መሃል ያለው ክፍተት ምን ያህል እንደሚጠልቅ በቀጭን መለኪያ እያየች ነው፣ ያውም አንዱን ጥርስ ዙሪያውን ስድስት ቦታ። ከ1 እስከ 3 ከሆነ ባብዛኛው ደህና ነው። 4 እና ከዚያ በላይ ስትሰሙ ግን ጠይቁ፤ «ፖኬት» የሚሉት እሱን ነው።

«36 ላይ» ካለች ደግሞ ሌላ ነው። አዋቂ ሰው 32 ጥርስ ነው ያለው፣ ታዲያ 36 ከየት መጣ? በብዙ አገር አፍን ለአራት ይከፍሉታል፤ የመጀመሪያው አሃዝ የትኛው ሩብ እንደሆነ፣ ሁለተኛው ከመሃል ስንተኛ እንደሆነ ይነግራል። ስለዚህ 36 ማለት ከታች በግራ ስድስተኛው፣ መንጋጋ ማለት ነው።

እኔን የሚያናድደኝ ፕላክና ታርታርን አንድ አድርጎ ማውራት ነው። ፕላክ ለስላሳ ነው፣ የባክቴሪያ ሽፋን፣ በብሩሽ ይለቃል። ሲተዉት ምራቅ ውስጥ ባሉ ማዕድናት ይጠነክርና ታርታር ይሆናል፣ ያኔ ቤት ውስጥ ብትፈትጉት ብትፈትጉት ንቅንቅ አይልም፣ ሄዶ ማሳጠብ ነው። ድዱ ሲቆጣና ሲደማ ጂንጂቫይተስ ይሉታል፤ በዚህ ደረጃ ይመለሳል። ሰው ግን ደም ሲያይ ያንን ቦታ መቦረሽ ይተዋል፣ እዚያው ፕላኩ ይከመራል! ችግሩ ወርዶ ጥርሱን የያዘውን አጥንት መብላት ሲጀምር ስሙ ፔሪዮዶንታይተስ ነው። ማቆም ይቻላል፤ የሄደው አጥንት ግን እንዲሁ በራሱ አይመለስም።

አሁን ወደ ሩት ካናል። ስሙ ሲጠራ ብቻ ፊቱ የሚለዋወጥ ሰው አለ፣ አልፈርድም። ጥርስ ከላይ ኢናሜል አለው፤ በሰውነታችን ካለው ሁሉ ጠንካራው እሱ ነው፣ ግን ሕይወት ያለው ሴል ስለሌለው ከተቦረቦረ መልሶ አያድግም። ከሥሩ ዴንቲን አለ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ስትጠጡ ጥርሳችሁን ውርር የሚያደርጋችሁ ብዙ ጊዜ እሱ ሲጋለጥ ነው። መሃሉ ላይ ነርቭና የደም ሥር ያለበት ፐልፕ አለ። ጥርስ ሲቦረቦር ካሪስ ይሉታል፤ እና «ካሪስ አለብህ» ብቻ ብለው ካቆሙ ጥያቄያችሁ አንድ ነው፦ ፐልፕ ደርሷል ወይስ አልደረሰም? ካልደረሰ ብዙውን ጊዜ ማስሞላት ይበቃል። ደርሶ ፐልፑ ከታመመ ወይም ከሞተ ውስጡን አውጥተው፣ አጽድተው፣ ሞልተው ይዘጉታል። ሩት ካናል ይኸው ነው። ጥርሱ ይተርፋል፣ ግን መንጋጋ ከሆነ ሲያኝኩበት እንዳይሰበር ላዩ ላይ ክራውን፣ ማለትም ጥርሱን እንደ ቆብ የሚሸፍን ሰው ሠራሽ ሽፋን፣ እንዲደረግ ይመከራል። ክራውኑንም ከመጀመሪያው አብራችሁ ጠይቁ፣ ሥራውም ሂሳቡም ለብቻ ስለሚመጣ።