ስንት ኮር አለው?

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬም ከጅማ ነኝ። ስለ ፕሮሰሰር ኮር ላወራችሁ ነው። ፕሮሰሰር የኮምፒውተሩ አእምሮ ነው፤ ኮር ደግሞ በውስጡ ሥራውን የሚሠራው ክፍል ነው፤ ኮር ሲበዛ ብዙ ሥራ ጎን ለጎን ይሠራል። ቴክኒክ ብቻ ቢሆን ባላነሳሁት። ግን እዚህ ላፕቶፕ ከሚገዙት ተማሪዎች ብዙዎቹ ብሩን የሚያገኙት ቤተሰብ ቡና ሸጦ ሲልክላቸው ነው። ያ ብር ሁለት ጊዜ አይመጣም።

ያገለገለ ላፕቶፕ የሚሸጥበት ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ የምትሰሙት «ኮር አይ ሰቨን ነው» የሚለውን ነው። ሰባት ኮር ያለው የሚመስለው ሰው አለ። አይደለም፤ ሰባት የደረጃው ስም ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ2016 የወጣው ኮር አይ 7-7500ዩ ያለው 2 ኮር ብቻ ነው። በ2017 የመጣው ኮር አይ 5-8250ዩ ግን 4 አለው።

ታዲያ ኮር የበዛበትን እንግዛ? ቆይ። ጂን አምዳል የተባለው የኮምፒውተር መሐንዲስ በ1967 ያነሳው ነጥብ አለ። የፕሮግራሙ ግማሽ የግድ ተራ በተራ የሚሠራ ከሆነ፣ ሺህ ኮር ብትደረድሩለትም ፍጥነቱ ከእጥፍ አያልፍም። ጀበናው ከተጣደ በኋላ ቤቱ በሰው ቢሞላ ቡናው ቶሎ አይፈላም።

በጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ሲቪል ምህንድስና ለሚማር ልጅ ይሄ ትልቅ ጉዳይ ነው። የንድፍ መሳያው ፕሮግራም አውቶካድ አብዛኛውን ሥራውን የሚሠራው በአንድ ኮር ነው። ለእሱ የሚበጀው እያንዳንዱ ኮር ፈጣን የሆነ፣ አዲስ ጀነሬሽን (ትውልድ) ነው። ብሌንደር በሚባለው የ3ዲ ፕሮግራም ሬንደር የሚያደርግ፣ ማለትም የሠራውን ወደ ምስል ወይም ቪዲዮ የሚቀይር ልጅ ግን ኮር ይብዛለት፤ የምር ይጠቅመዋል።

አሁን ደግሞ ኮሮቹ ራሳቸው እኩል አይደሉም። ከኢንቴል 12ኛ ጀነሬሽን ወዲህ ብዙዎቹ ሁለት ዓይነት ኮር ይዘው ነው የሚመጡት። ኮር አይ 7-1255ዩ 10 ኮር አለው፤ ፈጣኖቹ 2 ሲሆኑ 8ቱ ኃይል ቆጣቢ ናቸው። መብራት ለሚሄድበት ሰው ባትሪ መቆጠቡም ቀላል ነገር አይደለም።

እባካችሁ፣ ብር ሳትከፍሉ ላፕቶፑን አስከፍቱት። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ሲመጣ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሲፒዩ በሉ። የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስምና የኮሩ ቁጥር እዚያው አለ። ሎጂካል ፕሮሰሰር የሚለው አንዱን ኮር እንደ ሁለት ስለሚቆጥር ብዙ ጊዜ እጥፍ ሆኖ ይታያል፤ እሱን ኮር ነው ብሎ የሚነግራችሁን አትመኑ። ለአሳይመንትና ለኢንተርኔት 4 ኮር ይበቃችኋል። በተረፈው ብር ኤስኤስዲ፣ ማለትም ፈጣኑን የፋይል ማከማቻ፣ አስገቡበት። ሻጩ ከፍታችሁ እንዳታዩ ከከለከላችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ።